ከኤለመንት ወደ ኤለመንት፦ የዶም ዛፍ ላይ የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

አንድ የዕቃ ዝርዝር አስቡ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን «ሰርዝ» የሚል በተን አለ። ተጠቃሚው ከበርበሬ ጎን ያለውን ተጫነ። በዚህ ሰዓት ኮዳችሁ እጅ ላይ ያለው የተጫነው ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ተነስቶ የበርበሬን መስመር ማግኘት፣ መስመሩን ማጥፋት፣ ፎከሱንም ወደ ቀጣዩ መስመር ማሻገር አለበት።

ብራውዘሩ ገጹን የሚይዘው ዶም በሚባል ዛፍ መልክ ነው፤ እያንዳንዱ ታግ የዛፉ አንድ ኤለመንት ነው። ጃቫስክሪፕት በዚህ ዛፍ ላይ ከኤለመንት ወደ ኤለመንት ለመሄድ ብዙ መንገድ ይሰጣል። አብዛኞቹ ዛሬ ብትሞክሯቸው ይሠራሉ። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ዲዛይነሩ በተኑ ውስጥ አይከን ይጨምራል። ሌላ ባልደረባ ኤችቲኤምኤሉን ሲያስተካክል መስመር ያወርዳል። ያኔ ትናንት ሲሠራ የነበረው ኮድ ቀጥ ይላል። ስለዚህ መንገዶቹን የማወዳድረው በአንድ መመዘኛ ነው፦ ገጹ ትንሽ ሲነካካ የትኛው ሳይሰበር ይቆያል?

መልሴን ከወዲሁ ልስጥ። የምትሄዱት አንድ እርምጃ ብቻ ከሆነ የኤለመንት ፕሮፐርቲዎችን ያዙ። ከአንድ እርምጃ በላይ ከሆነ ወደ ላይ «ክሎዘስት»፣ ወደ ታች «ኩዌሪ ሰሌክተር» ይሻላል። የኖድ ፕሮፐርቲዎችን ሥራችሁ ከጽሑፉ ጋር ሲሆን ብቻ አውጧቸው። ሠንጠረዥና ፎርም የራሳቸው አቋራጭ ስላላቸው እሱን ተጠቀሙ። ቀሪው ጽሑፍ ምክንያቱን ነው የሚያስረዳው።

ስሞቹን እዚህ በምንጠራቸው መልክ ነው የጻፍኳቸው። ኮድ ላይ ቃላቱ ያለ ክፍተት ይገጣጠማሉ። የመጀመሪያው ቃል በትንሹ የላቲን ፊደል ይጀምራል፣ የሚከተሉት በትልቁ።

ሁለቱ ቤተሰቦች

ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ሲያነብ ሁሉንም ነገር ኖድ ያደርገዋል። ታጎቹ ኤለመንት ኖድ ይሆናሉ። ጽሑፉ ቴክስት ኖድ ይሆናል። ኮመንት እንኳ ኖድ ነው። እያንዳንዱ ኖድ «ኖድ ታይፕ» የሚባል ቁጥር አለው፦ ኤለመንት 1፣ ጽሑፍ 3፣ ኮመንት 8፣ ዶክመንቱ ራሱ 9።

የመጀመሪያው የፕሮፐርቲ ቤተሰብ ሁሉንም ዓይነት ኖድ ያያል። እነሱም «ፓረንት ኖድ»፣ «ቻይልድ ኖድስ»፣ «ፈርስት ቻይልድ»፣ «ላስት ቻይልድ»፣ «ኔክስት ሲብሊንግ» እና «ፕሪቪየስ ሲብሊንግ» ናቸው። ሁለተኛው ቤተሰብ ኤለመንት ብቻ ነው የሚያየው፦ «ፓረንት ኤለመንት»፣ «ቺልድረን»፣ «ፈርስት ኤለመንት ቻይልድ»፣ «ላስት ኤለመንት ቻይልድ»፣ «ኔክስት ኤለመንት ሲብሊንግ»፣ «ፕሪቪየስ ኤለመንት ሲብሊንግ»። ለመለየት ቀላል ነው። ከ«ቺልድረን» በቀር ሁሉም ስማቸው ውስጥ «ኤለመንት» የሚል ቃል አለ።

ለምን ሁለት ሆኑ? የኖዱ ቤተሰብ የመጣው የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት ደብሊውስሪሲ እ.ኤ.አ. በ1998 ካጸደቀው የመጀመሪያው የዶም ደረጃ ነው። ያ ደረጃ ለኤክስኤምኤልም ጭምር የታሰበ ነበር። እዚያ ጽሑፍም ኮመንትም የሰነዱ እኩል አካል ናቸው። «ቺልድረን» እና «ፓረንት ኤለመንት» ግን መጀመሪያ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የግል ፈጠራ ነበሩ። «ፈርስት ኤለመንት ቻይልድ» እና መሰሎቹ በደብሊውስሪሲ የጸደቁት እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ሁሉም በአንዱ የዶም ደረጃ ውስጥ ተጠቃለዋል። ዛሬ የምትጽፉለት ብራውዘር ሁሉ ሁለቱንም ያውቃል። ስለዚህ «አሮጌ ብራውዘር ላይ አይሠራም» የሚለውን ስጋት ከሒሳባችሁ አውጡት።

ባዶው ቦታ የሚያመጣው ጣጣ

ወደ ዝርዝራችን እንመለስ። የ«ዩኤል» ታግ ከፍታችኋል። ከሥሩ ሦስት «ኤልአይ» አለ፣ እያንዳንዱ በራሱ መስመር፣ ትንሽ ገባ ብሎ። እንደማንኛውም ሰው ነው የጻፋችሁት። አሁን «ቺልድረን» ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ 3 ይላችኋል። «ቻይልድ ኖድስ»ን ጠይቁ፤ 7 ይላል።

አራቱ ትርፍ ኖዶች ከየት መጡ? ከመስመር ማውረጃው። ከጤፍ በፊት አንድ፣ ከጤፍና ከበርበሬ መካከል አንድ፣ ከበርበሬና ከሽሮ መካከል አንድ፣ ከሽሮ በኋላ አንድ። ብራውዘሩ ኤንተርና ስፔሱን አይጥልም፤ ቴክስት ኖድ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የዝርዝሩ «ፈርስት ቻይልድ» ጤፍ አይደለም፤ ባዶ ቦታ ነው። ቀለሙን ለመቀየር ብትሞክሩ ኢረር ይመጣል፤ ቴክስት ኖድ «ስታይል» የሚባል ነገር የለውም። «ክላስ ሊስት»ም የለውም።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ «ኔክስት ሲብሊንግ»ን ደርቦ ይጽፋል። አንዱ ባዶውን ቦታ ለመዝለል፣ ሌላው ዕቃው ላይ ለመድረስ። ይህ በጣም መጥፎ መፍትሔ ነው። ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ገጹ ወደ ሰርቨር ሲወጣ ግን የኤችቲኤምኤል ማሳነሻ ፕሮግራም ባዶ ቦታዎቹን ይጠራርጋቸዋል። ያኔ 7 የነበረው 3 ይሆናል፣ ኮዱም ከጤፍ በርበሬን ዘሎ ሽሮ ላይ ያርፋል። ኢረር እንኳ አይወጣም፤ የተሳሳተው ዕቃ ነው የሚጠፋው። ዝርዝሩን በጃቫስክሪፕት ኤለመንት እየፈጠራችሁ ብትሠሩትም ያው ነው፤ ባዶ ቦታ ስላልጨመራችሁ ቁጥሩ 3 ይሆናል። አንድ ዓይነት ዝርዝር፣ እንደ አሠራሩ የተለያየ ዛፍ።

የኤለመንት ቤተሰብ ይህን ሁሉ አያውቀውም። በየትኛውም ሁኔታ 3 ነው። «ኔክስት ኤለመንት ሲብሊንግ» ከጤፍ ወደ በርበሬ ይወስዳል፣ አለቀ።

«ዝርዝሩ ባዶ ነው?» ለሚለው ጥያቄም ይኸው ልዩነት አለ። ዕቃዎቹ በሙሉ ተሰርዘው መስመር ማውረጃው ብቻ ቢቀር «ፈርስት ቻይልድ» አሁንም አንድ ነገር ይመልሳል። «ቻይልድ ኤለመንት ካውንት» ግን 0 ነው። «ምንም ዕቃ የለም» የሚል መልእክት ማሳየት ከፈለጋችሁ የምትጠይቁት ሁለተኛውን ነው።

ጄኩዌሪ ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ወደ ንጹሕ ጃቫስክሪፕት የምትሸጋገሩ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የጄኩዌሪ «ኔክስት» እና «ቺልድረን» ኤለመንት ብቻ ነው የሚያዩት። ስለዚህ የጄኩዌሪን «ኔክስት» በ«ኔክስት ሲብሊንግ» ከተካችሁ ትርጉሙ ተቀየረ ማለት ነው። ትክክለኛው ተተኪ «ኔክስት ኤለመንት ሲብሊንግ» ነው።

የኖዱ ቤተሰብ ተራ ሲደርስ

ይህን ሁሉ ስል የኖዱ ቤተሰብ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ሥራው ጽሑፍ ሲሆን ያለ እሱ አይሆንም። ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ።

በአማርኛ የተጻፉ ብዙ የቆዩ ገጾች ላይ አራት ነጥቡ በሁለት ኮለን ነው የተጻፈው፤ «::» እየተባለ። ገጹ ሲከፈት እነዚህን ሁሉ ወደ «።» መቀየር ፈለጋችሁ እንበል።

የመጀመሪያው ሐሳብ የገጹን «ኢነር ኤችቲኤምኤል» ወስዶ ቀይሮ መመለስ ነው። አታድርጉት። ገጹ በሙሉ እንደ አዲስ ይገነባል። በተኖቹ ላይ የሰቀላችኋቸው ኢቨንቶች ይጠፋሉ። ተጠቃሚው ፎርም ላይ የጀመረው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሐሳብ በ«ቺልድረን» እየዞሩ መቀየር ነው። አይበቃም። አንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ደመቅ ተደርጎ ከተጻፈ የአንቀጹ «ቺልድረን» ያ የደመቀው ቃል ብቻ ነው። ከእሱ በፊትና በኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ከነነጥቡ፣ ለ«ቺልድረን» የለም። በ«ቻይልድ ኖድስ» ግን ሦስቱም ቁራጭ ይታያል።

ለአንድ አንቀጽ «ቻይልድ ኖድስ» ይበቃል። ለመላው ገጽ ግን «ትሪ ዎከር» ይሻላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጸደቀው የዶም ሁለተኛ ደረጃ ጋር የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ረስቶታል። «ክሪኤት ትሪ ዎከር»ን ከዶክመንቱ ላይ ትጠራላችሁ፣ መነሻውን ትሰጡታላችሁ፣ «ቴክስት ኖድ ብቻ አሳየኝ» ትሉታላችሁ። ከዚያ «ኔክስት ኖድ» እያላችሁ ከላይ እስከ ታች ትወርዳላችሁ። በእያንዳንዱ ላይ «ኖድ ቫልዩ»ውን ትቀይራላችሁ። ኤለመንቶቹ ከነኢቨንታቸው ባሉበት ይቆያሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ስታይል» እና «ስክሪፕት» ታግ ውስጥ ያለውም ጽሑፍ ቴክስት ኖድ ነው። ሲኤስኤስ ደግሞ ከኤለመንት በፊትና በኋላ ነገር ሲያስገባ ሁለት ኮለን ይጠቀማል። ትሪ ዎከሩን ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት «ስታይል» ውስጥ ገብቶ እነዚያንም «።» ያደርጋቸዋል፤ የገጹ ዲዛይን ይፈርሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቴክስት ኖድ «ፓረንት ኤለመንት» እዩ። «ስታይል»፣ «ስክሪፕት» ወይም «ቴክስትኤሪያ» ከሆነ እለፉት። የኮድ ናሙና የያዘ ብሎክ ካለም እንዲሁ።

ወደ ላይ መውጣት

«ፓረንት ኖድ» እና «ፓረንት ኤለመንት» ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ መልስ ይሰጣሉ። የሚለያዩት ጫፉ ላይ ነው። የኤችቲኤምኤል ታጉ «ፓረንት ኖድ» ዶክመንቱ ነው። «ፓረንት ኤለመንት»ቱ ግን ናል፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ ነው፤ ዶክመንቱ ኤለመንት አይደለምና። ይህ የሚጠቅመው በሎፕ ወደ ላይ ስትወጡ ነው። በ«ፓረንት ኤለመንት» የሚወጣ ሎፕ ጫፉ ላይ ናል አግኝቶ በሰላም ይቆማል። በ«ፓረንት ኖድ» የሚወጣው ዶክመንቱ ላይ ይደርስና «ማችስ» ወይም «ጌት አትሪቢውት» ሲጠራ ይወድቃል፤ ዶክመንቱ እነዚህ የሉትም።

«ፓረንት ኖድ» የሚያስፈልግበት ቦታ ጠባብ ነው። ኤለመንቱ ገና ገጹ ላይ ያልወጣ ፍራግመንት ውስጥ፣ ወይም ሻዶው ዶም (ከዋናው ገጽ ተለይቶ የተከለለ ዛፍ) ሥር በቀጥታ ከሆነ ወላጁ ኤለመንት አይደለም። ያኔ «ፓረንት ኤለመንት» ናል ይላል፣ «ፓረንት ኖድ» ግን ያገኘዋል። ቀድሞ ኤለመንት ለማጥፋትም ወደ ወላጁ ወጥቶ «ሪሙቭ ቻይልድ» ማለት ነበረብን። አሁን ኤለመንቱን ራሱን «ሪሙቭ» ማለት ይበቃል። ከጎኑ ለማስገባትም «ቢፎር» እና «አፍተር» አሉ።

አሁን ወደ «ሰርዝ» በተናችን። በተኑ ውስጥ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን የተጫነው ነገር፣ ማለትም የኢቨንቱ «ታርጌት»፣ በተኑ ራሱ ነው። «ፓረንት ኤለመንት» ብትሉ መስመሩን ታገኛላችሁ። ዲዛይነሩ የቆሻሻ ቅርጫት አይከን በኤስቪጂ ጨመረ። ተጠቃሚው አይከኑ ላይ ሲጫን «ታርጌት» በኤስቪጂው ውስጥ ያለች የሥዕል መስመር፣ «ፓዝ»፣ ትሆናለች። ከእሷ አንድ ደረጃ ስትወጡ ኤስቪጂው ነው። ሁለት ስትወጡ በተኑ። ሦስት ስትወጡ መስመሩ። ሦስት ጊዜ «ፓረንት ኤለመንት» ደርድራችሁ ብታስተካክሉት፣ ተጠቃሚው ከአይከኑ ጎን ያለውን ጽሑፍ ሲጫን ደግሞ ከዝርዝሩ በላይ ወዳለው ነገር ትሻገራላችሁ፣ እሱንም ታጠፉታላችሁ።

«ክሎዘስት» የተሠራው ለዚህ ነው። «ኤልአይ» ብላችሁ ትሰጡታላችሁ። ካለበት ኖድ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ መጀመሪያ የሚያገኘውን ይመልሳል። በመካከል ስንት ደረጃ እንዳለ አያገባውም። ራሱ ኤለመንቱ የሚገጥም ከሆነ ራሱን ይመልሳል። ካላገኘ ናል ይላል። ስለዚህ ከእሱ ቀጥሎ «ናል ነው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

«ክሎዘስት» የሚያሳስትበት አንድ ቦታ አለ፤ በዝርዝር ውስጥ ዝርዝር ሲኖር። «ቅመማ ቅመም» የሚል አንድ «ኤልአይ» አለ እንበል፤ በውስጡ በርበሬን፣ ኮረሪማን፣ አብሽን የያዘ ሌላ «ዩኤል»። ኢቨንቱን የሰቀላችሁት በውስጠኛው «ዩኤል» ላይ ነው። ተጠቃሚው በዕቃዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቢነካ «ታርጌት» ራሱ «ዩኤል»ው ነው። ከእሱ ተነስቶ ለ«ክሎዘስት» የሚቀርበው «ኤልአይ» የውጪው «ቅመማ ቅመም» ነው። ሙሉው ምድብ ጠፋ ማለት ነው። መከላከያው ሁለት ነው። መጀመሪያ የተጫነው በተኑ መሆኑን በ«ክሎዘስት» አረጋግጡ። ቀጥሎ የተገኘው መስመር በእርግጥ በዝርዝራችሁ ውስጥ መሆኑን በ«ኮንቴይንስ» ጠይቁ። ከሁለቱም የሚቀድመው ግን ለመስመሩ የራሱ መለያ መስጠት ነው፤ ክላስ ወይም የዳታ አትሪቢውት። በታግ ስም መፈለግ ለትንሽ ገጽ እንጂ ለሚያድግ ገጽ አይመከርም።

ወደ ታች መውረድ

«ቺልድረን» ላይ ኢንዴክስ ጽፎ፣ ከዚያ ላይ ሌላ «ቺልድረን» ከኢንዴክስ ጋር መደርደር የተለመደ ነው። የሦስተኛው ልጅ ሁለተኛ ልጅ። ከሁለት ወር በኋላ ይህን መስመር የሚያነብ ሰው ምን እንደተፈለገ አይገባውም። ገጹ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወይም አንድ ርዕስ ከተጨመረ ደግሞ ሁሉም ቁጥር ይዛባል። «ኩዌሪ ሰሌክተር» ክላስ ተሰጥቶት ዋጋውን ፈልግ ሲባል ስሙም ይናገራል፣ ቦታው ቢቀየርም ያገኘዋል።

የመጀመሪያውን ልጅ ብቻ ከፈለጋችሁ «ፈርስት ኤለመንት ቻይልድ» ጥሩ ነው። ልጅ ከሌለ ናል ይላል። የ«ቺልድረን» ዜሮኛው ኢንዴክስ ግን አንዲፋይንድ ነው የሚለው። ከናል ጋር ብቻ የምታወዳድሩ ከሆነ ይህች ልዩነት ታሳስታለች።

«ኩዌሪ ሰሌክተር»ን ከአንድ ኤለመንት ላይ ስትጠሩት የሚገርም ጠባይ አለው። ውጤቱ በዚያ ኤለመንት ውስጥ ይገኛል። ሰሌክተሩ ግን የሚነበበው ከመላው ገጽ አንጻር ነው። ከ«ዩኤል»ው ላይ ቆማችሁ «በዲቭ ውስጥ ያለ ስፓን» ብትሉ፣ ያ ዲቭ ከ«ዩኤል»ው ውጭ ያለ ቅድመ አያት ቢሆንም ይቆጠራል። «ስኮፕ» የሚባለውን የሲኤስኤስ ምልክት መጀመሪያው ላይ ስታስገቡ ነው «ከእኔ ጀምሮ» ማለት የሚሆነው። የቅርብ ልጆችን ብቻ፣ የልጅ ልጆችን ሳይጨምር፣ በሰሌክተር ለመምረጥም የምትጠቀሙት እሱን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ጉዳይ። «ቺልድረን» እና «ቻይልድ ኖድስ» ሕያው ናቸው። ገጹ ሲቀየር እነሱም አብረው ይቀየራሉ። «ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል» ግን በጠራችሁበት ቅጽበት የነበረውን ነው የሚይዘው፤ በኋላ አይለወጥም።

ዝርዝራችን ላይ ቡና እንጨምርና አራት እናድርገው፦ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና። በ«ቺልድረን» ላይ ከ0 ጀምራችሁ በሎፕ እያንዳንዱን «ሪሙቭ» በሉ። 0 ላይ ጤፍ ጠፋ። ወዲያው በርበሬ ወደ 0፣ ሽሮ ወደ 1፣ ቡና ወደ 2 ተጠጉ። ሎፑ ግን ወደ 1 ሄዷል። 1 ላይ ያለው ሽሮ ነው፤ ጠፋ። አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ሎፑ ደግሞ 2 ላይ ደርሷል፤ ቆመ። በርበሬና ቡና ተርፈዋል። ኮዱ ትክክል ይመስላል፣ ኢረርም የለም፣ ግማሹ ብቻ ነው የጠፋው።

እያጠፋችሁ ወይም እያዛወራችሁ የምትዞሩ ከሆነ «ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል»ን ተጠቀሙ፣ ወይም «ቺልድረን»ን መጀመሪያ ወደ አሬይ ገልብጡት። ዓላማው ሁሉንም ማጥፋት ብቻ ከሆነ ሎፕም አያስፈልግም፤ «ሪፕሌስ ቺልድረን»ን ያለ ምንም ነገር ጥሩት። «ቺልድረን» ላይ «ፎር ኢች» የለም፤ በ«ቻይልድ ኖድስ» እና በ«ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል» ውጤት ላይ ግን አለ።

ሕያውነቱ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። የዝርዝሩን «ቺልድረን» አንዴ ቫሪያብል ውስጥ ካስቀመጣችሁ፣ ዕቃ ሲጨመርና ሲቀነስ ርዝመቱ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ቁጥር ይናገራል። ደግማችሁ መፈለግ የለባችሁም።

ወደ ጎን

የጎን እርምጃ ከሁሉም በላይ በአቀማመጥ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው የኤችቲኤምኤሉ ሕግ ራሱ አቀማመጡን ሲወስን ነው። ጥሩ ምሳሌ የመዝገበ ቃላት ዝርዝር ነው። «ዲኤል» ውስጥ «ዲቲ» ቃሉን፣ «ዲዲ» ፍቺውን ይይዛል። አንድ ቃል ሁለት ሦስት ፍቺ ሊኖረው ይችላል። ከ«ዲቲ»ው ተነስታችሁ «ኔክስት ኤለመንት ሲብሊንግ» እያላችሁ ቀጣዩ «ዲቲ» እስኪመጣ ፍቺዎቹን ትሰበስባላችሁ። በሌላ መንገድ ይህን ያህል የሚያምር ኮድ አይወጣም።

ጥያቄ ሲጫኑ መልሱ የሚዘረጋበት ገጽ ግን ሌላ ነው። ከርዕሱ ቀጥሎ ያለው ኤለመንት መልሱ ነው ብሎ መገመት ያስኬዳል፣ አንድ ሰው በመካከል መስመር እስኪያስገባ። እዚያ «አሪያ ኮንትሮልስ» በሚለው አትሪቢውት የመልሱን አይዲ በተኑ ላይ ጽፋችሁ በአይዲ ማግኘት ይበልጣል። ዛፉ ላይ መራመድ ጭራሽ አያስፈልግም።

መስመር ስትሰርዙ ፎከሱን ለማሻገር ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቀጣዩን መስመር መጀመሪያ ያዙ፣ ከሌለ ቀዳሚውን፣ ከዚያ ሰርዙ። የተሰረዘ ኤለመንት ጎረቤት የለውም። ከ«ሪሙቭ» በኋላ «ኔክስት ኤለመንት ሲብሊንግ» ናል ነው።

ሠንጠረዥና ፎርም

ሠንጠረዥ ላይ ቲአሮቹን በቀጥታ «ቴብል» ውስጥ ብትጽፉም ብራውዘሩ ሲያነብ «ቲቦዲ» ይጨምርበታል። ስለዚህ የቴብሉ «ፈርስት ኤለመንት ቻይልድ» የመጀመሪያው ረድፍ አይሆንም። ሠንጠረዡን በጃቫስክሪፕት ኤለመንት በኤለመንት ከገነባችሁት ደግሞ «ቲቦዲ» አይጨመርም። ሁለቱንም የሚያስማማው የቴብሉ «ሮውስ» ነው። ከረድፉ ላይ «ሴልስ» አለ፤ ከሴሉ ላይ «ሴል ኢንዴክስ»። በሴል ውስጥ ሌላ ሠንጠረዥ ቢኖር እንኳ «ሮውስ» የራሱን ረድፎች ብቻ ይቆጥራል። «ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል» ቲአር ቢባል ግን የውስጠኛውንም ይቀላቅላል። ሠንጠረዥ ከሆነ «ሮውስ» እና «ሴልስ»ን ሳታመነቱ ውሰዱ።

ፎርም ላይም እንደዚሁ። ከኢንፑቱ ወደ ፎርሙ «ፎርም» የሚለው ፕሮፐርቲ ይወስዳል። ከፎርሙ ወደ ኢንፑቶቹ «ኤለመንትስ»። ከኢንፑቱ ወደ መለያ ጽሑፉ «ሌብልስ»። ኢንፑቱ በስንት ዲቭ ቢጠቀለል ለውጥ የለውም።

ፎርም ላይ «ቺልድረን»ን የምሸሽበት ሌላም ምክንያት አለ። ፎርሞች በውስጣቸው ያሉትን መስኮች በስማቸው ያጋልጣሉ፤ ያ ስም ደግሞ የፎርሙን የራሱን ፕሮፐርቲ ይሸፍናል። የቤተሰብ መመዝገቢያ ላይ «የልጆች ብዛት» የሚል መስክ ሠርታችሁ ኔሙን «ቺልድረን» ብትሉት፣ የፎርሙ «ቺልድረን» ከዚያ በኋላ ያ ኢንፑት ነው። ልጆቹን ለመቁጠር የሚሞክር ኮድ ግራ የተጋባ መልስ ያገኛል። በ«ኤለመንትስ» በኩል ከሄዳችሁ ይህ አይነካችሁም።

ገጹን ሌላ እጅ ሲነካው

ዛፉን የምትቀይሩት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። አማርኛ ጎግል ትርጉም ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ገብቷል። ክሮም ውስጥ ገጹን በአማርኛ የሚያነብ ሰው ትርጉሙን ሲያዝ፣ ክሮም ቴክስት ኖዶቹን አንስቶ «ፎንት» በሚሉ ታጎች የተጠቀለለ ትርጉም ይተካል። በተኑ ውስጥ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ አሁን «ፎንት» አለ። ስለዚህ ሲጫኑት «ታርጌት» ፎንቱ ነው። «ፓረንት ኤለመንት» በተኑ ላይ ወይም ሌላ «ፎንት» ላይ ይቆማል፣ «ክሎዘስት» ግን መስመሩ ላይ ይደርሳል። የአንቀጹ «ፈርስት ቻይልድ» ጽሑፍ ነው ብሎ ያመነ ኮድም ይወድቃል። እንዳይተረጎም የምትፈልጉት ክፍል ካለ «ትራንስሌት» የሚለውን አትሪቢውት «ኖ» ማድረግ ትችላላችሁ። አንባቢዎቻችሁ ግን ትርጉም የሚጠቀሙት ስለሚያስፈልጋቸው ነውና ኮዱን ማጠንከር ይቀድማል።

ገጹን ከዳታ የሚገነቡትን ሪአክትን ወይም ቪውን የምትጠቀሙ ከሆነ ዛፉን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። እዚያ ብዙውን ጊዜ ዛፉ ላይ ከመራመድ ይልቅ ዳታውን መቀየርና ሲያስፈልግ «ሬፍ»፣ ማለትም ወደ ኤለመንቱ በቀጥታ የሚያመለክት መያዣ፣ መያዝ ነው ሥራው። ኢቨንት ላይ ያለው የ«ታርጌት» ጉዳይ ግን እዚያም ያው ነው።

መነሻውን በተመለከተ አጭር ነገር። ከዶክመንቱ ላይ «ዶክመንት ኤለመንት»፣ «ሄድ» እና «ቦዲ» በቀጥታ ይገኛሉ። «ቦዲ» ናል ካላችሁ ስክሪፕቱ ሄድ ውስጥ ሆኖ ቦዲው ገና ሳይነበብ ሮጧል ማለት ነው። በፋይል የተቀመጠ ስክሪፕት ከሆነ «ዲፈር» ጨምሩበት።

የፍጥነት ነገር ሲነሳ እሰማለሁ፤ ፕሮፐርቲ ከሰሌክተር ይፈጥናል እየተባለ። በተራ ገጽ ላይ ተጠቃሚው የሚሰማው ልዩነት አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ረድፍ ላይ በሎፕ ካልሆነ በቀር በዚህ ምክንያት አትምረጡ።

ያመነታችሁ ጊዜ ብራውዘሩ ላይ ፈትኑት። የዴቨሎፐር ቱልስን ክፈቱ፣ ኤለመንቱን በመዳፊት ምረጡት፣ ወደ ኮንሶል ሂዱ። የመረጣችሁት ኤለመንት «$0» በሚል ስም ይጠብቃችኋል። መጀመሪያ «ቻይልድ ኖድስ»ን፣ ቀጥሎ «ቺልድረን»ን ጠይቁት። ከዚያ ገጹን ወደ አማርኛ አስተርጉሙና ያንኑ ኤለመንት እንደገና መርጣችሁ ሁለቱንም ድገሙ። የተቀየረው ቁጥር የትኛው ላይ እንዳትመኩ ያሳያችኋል።